ዳትሰን 240ዜድ ላይ ባለ 15 ቸርኬ ካስገባሁ ወዲህ ፍሬኑ አስቸገረኝ፤ ጥፋቱ የቸርኬው ነው ወይስ የፍሬኑ?

ባለ ዜድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1971 ዳትሰን 240ዜድ ናት። ሞተሯ አልተነካም። ስገዛት ከፋብሪካ የወጣችበት የብረት ቸርኬ ነበረባት፣ 14 ኢንች፣ ወርዱ 4.5። እሱን አስቀምጬ 15 በ7 የሆነ የአሉሚኒየም ቸርኬ ገዛሁ፤ ባለ አራት ብሎን፣ የብሎኖቹ ክብ 114.3 ሚሊ፣ ኦፍሴቱ (ቸርኬው የሚታሰርበት ፊት ከወርዱ መሃል ያለው ርቀት) ዜሮ። ጎማው 195/60 ነው። እግረ መንገዴን የፊቱን ፍሬን ብዙ የዜድ ባለቤቶች እንደሚያደርጉት በሂሉክስ ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ በሚጨምቀው ክፍል) ለወጥኩት፤ ኦሪጂናሉን ዲስክ የሚቀበለውን ዓይነት ማለቴ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ማስተር ሲሊንደርም ከ7/8 ወደ 15/16 ኢንች አሳደግኩ። የኋላውን ታምቡር አልነካሁትም።

አሁን ሦስት ነገር ያስጨንቀኛል።

አንደኛ፣ ጠበቅ ያለ መታጠፊያ ላይ ከፊት ቀኝ ጎማ “ጭር፣ ጭር” የሚል ድምፅ ይሰማል። ጎማውን ሳወልቀው ካሊፐሩ ትከሻ ላይ የሚያበራ ጭረት አየሁ።

ሁለተኛ፣ ፍሬን ስይዝ መሪው ወደ ግራ ይጎትታል። በድሮው ቸርኬም ትንሽ ነገር ነበረው፤ ግን እንዲህ መሪውን ከእጄ አይነጥቀኝም ነበር።

ሦስተኛ፣ ፔዳሉ ጠልቆ ነው የሚይዘው። ደግሜ ስረግጠው ከፍ ይላል።

ለጭረቱ ያሰብኩት ወይ ካሊፐሩን 2 ሚሊ ያህል መፋቅ፣ ወይ ከቸርኬው ጀርባ 5 ሚሊ ስፔሰር (ማራቂያ ሳህን) ማስገባት ነው። የቱ ይሻላል? ለመጎተቱስ ቸርኬውን ልመልሰው? በጣም ወድጄው ነው የገዛሁት፤ መኪናዋም ስትቆም ሌላ ሆናለች።

ፍጥነት ወዳድ፦

ወንድሜ፣ ካሊፐር አትፋቅ። 5 ሚሊ ስፔሰር አስገባና ተገላገል። እኔ የድሮ መኪናዬ ላይ እንደዚያ አድርጌ ስነዳ ኖሬያለሁ፣ ምንም አልሆነብኝም። መጎተቱን አላይመንት አሠርተህ እየው።

ዳዶና ብሎን፦

ስፔሰር ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ቁጠርልኝ። የዜድ የጎማ ብሎን 12 ሚሊ ውፍረት፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ ነው። ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል፣ ማለትም 12 ሚሊ፣ ጥርስ ላይ መግባት አለበት። ይህን በዙር ስታሰላው ወደ አሥር ሙሉ ዙር ይሆናል። ዳዶውን በእጅህ አስጀምረው፣ ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ ሙሉ በሙሉ ተቀምጦ እስኪጠብቅ ድረስ ስንት ዙር እንደሚሄድ ቁጠር። 5 ሚሊ ስፔሰር ከዚያ ላይ አራት ዙር ይወስድብሃል። የድሮ ብሎን ላይ አራት ዙር ቀላል አይደለም። ስፔሰር ከተባለ ረጅም ብሎን አብሮ ይለወጣል፤ ያለዚያ ባይሆን ይሻላል።

ጎማ ስገጥምና ሳመጣጥን ነው የምውለው፤ የድሮ መኪና ላይ አዲስ ቸርኬ ሲመጣ ቀድሜ የማየው ዳዶውን ነው። የብረት ቸርኬህ የድሮ ዳዶ አሉሚኒየሙ ላይ በትክክል ይቀመጣል ብለህ አትገምት። የአሁኑ ቸርኬህ መቀመጫው 60 ዲግሪ ሾጣጣ ከሆነ ዳዶውም 60 ዲግሪ ሾጣጣ መሆን አለበት። ሉል መቀመጫ ላይ ሾጣጣ ዳዶ ብታስር ዳዶው በቀጭን መስመር ብቻ ይነካና ቶሎ ይላላል።

አንዳንድ የድሮ ዘመን ቸርኬ ደግሞ ቀጥ ያለ ቀዳዳ አለው፤ ዳዶው አንገት ያለው ሆኖ ከሥሩ ሮንዴላ ይገባበታል። እዚያ ላይ የማይታይ አደጋ አለ። የዳዶው አንገት ከቸርኬው ውፍረት ከረዘመ ጫፉ ዲስኩን ወይም ታምቡሩን ገፍቶ ይቆማል። ዳዶው ጠበቀ፣ ቁልፉም “ቀጭ” አለ፣ ቸርኬው ግን አልታሰረም። ሁልጊዜ ቸርኬውን ከማስገባትህ በፊት አንገቱንና ቀዳዳውን አስተያይ።

የመሃል ቀዳዳውንም ለካ። የዜድ ሞዞ ወደ 73 ሚሊ ነው። ቸርኬህ 73.1 ከሆነ ራሱ መሃል ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ሰፊ ከሆነ የመሃል ቀለበት አስገባ፤ አለዚያ ቸርኬው በዳዶዎቹ ብቻ መሃሉን እንዲፈልግ ትተወዋለህ፣ ፍጥነት ላይም መሪው ይንቀጠቀጣል። ሰው ያንን “ዲስኩ ተጣሟል” ብሎ ጤነኛ ዲስክ ይጥላል።

በመጨረሻ፣ ሞዞው ላይ ያለውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አጽዳው። ቸርኬው ከጀርባው ሞዞውን የሚነካበት ፊት ላይ ወፍራም ቀለም ካለ አንሣው፤ ቀለሙ ሲጨመቅ ዳዶው ይላላል። በንፋስ መፍቻ አትሰር። በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በቶርክ ቁልፍ፣ ለዜድ ከ80 እስከ 90 ኒውተን ሜትር አካባቢ በቂ ነው። ከዚያ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ቸርኬው ቀዝቅዞ ሳለ እንደገና ፈትሽ።

የድሮ ብረት፦

ልጄ፣ ሦስቱን ችግር አንድ ላይ አትቋጥራቸው። ቸርኬውን በቀጥታ የሚመለከተው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛውን ቸርኬው አባብሶታል እንጂ አልወለደውም። ሦስተኛው ከቸርኬው ጋር አይተዋወቅም።

ከጭረቱ ልጀምር። ካሊፐር አይዞርም፤ የሚዞረው ቸርኬው ነው። ስለዚህ ካሊፐሩ ላይ ያለው ምልክት የሚነግርህ መነካካት መኖሩን ብቻ ነው። መልሱ ያለው ቸርኬው ውስጥ ነው። አውልቀህ አስተኛውና ውስጡን በመብራት ተመልከት። ጭረቱ ዙሪያውን ሙሉ ክብ ከሠራ ቸርኬው ራሱ ጠቧል ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ወይ ቸርኬው ጎብጧል፣ ወይ ደግሞ ጎማ ያመጣጠነልህ ሰው ተለጣፊውን የማመጣጠኛ እርሳስ ልክ ካሊፐሩ ትይዩ ለጥፎታል። ይህኛውን ደጋግሜ አይቻለሁ። በፋብሪካው ባለ ሁለት ፒስተን ካሊፐር የማይነካ እርሳስ፣ ትከሻው ሰፊ የሆነ ካሊፐር ሲገባ ይነካል። ንፋስ መሙያውንም አትርሳ፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ከሆነ እሱም ካሊፐር ይመታል።

ቀጥለህ ክፍተቱን ለካ። ካሊፐሩ ትከሻና ፊት ላይ ፕላስቲሲን ለጥፍ፣ ቸርኬውን አስገብተህ ዳዶዎቹን አጥብቅ፣ በእጅህ ቀስ ብለህ አንድ ሙሉ ዙር አዙረው። አውልቀህ የተጨፈለቀውን ፕላስቲሲን ውፍረት ለካ። በየትም በኩል ከ3 ሚሊ በታች እንዲሆን አልፈቅድም። ቸርኬ መታጠፊያ ላይ ጥቂት ይለመጣል፣ ኩሽኔታ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ብረትም ሲግል ይሰፋል። ድምፁ መታጠፊያ ላይ ብቻ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። እግረ መንገድህን ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ አወዛውዘው፤ ኩሽኔታው ከላላ መጀመሪያ እሱን አስተካክል፣ ከዚያ ለካ።

የአንተ ካሊፐር ቋሚ ነው፣ ፒስተኖቹ በሁለቱም በኩል ናቸው፤ ሸራው ቢያልቅም አካሉ ቦታውን አይለቅም። ተንሸራታች ካሊፐር ያላችሁ ግን አዲስ ሸራ አስገብታችሁ ለኩ። የውጪው ሸራ ባለቀ ቁጥር የካሊፐሩ አካል ወደ ውስጥ ይሸሻል። ባለቀ ሸራ የተለካ ክፍተት አዲስ ሸራ የገባ ቀን ይጠፋል።

አሁን ወደ ስፔሰሩ። እህታችን ስለ ብሎኑ ያለችውን እኔ አልደግምም፤ ትክክል ናት። የምጨምረው ይህን ነው፦ ስፔሰር ቸርኬውን ወደ ውጭ ይገፋዋል እንጂ አያሰፋውም። የሚነካህ የቸርኬው ክንድ ከሆነ፣ ማለት የካሊፐሩ ፊት ከሆነ፣ ስፔሰር ይረዳል። የሚነካህ የቸርኬው በርሜል (ጎማው የሚያርፍበት ክብ) ከሆነ ግን፣ ትከሻ ላይ ጭረት አየሁ ስላልክ የምጠረጥረው ይህንን ነው፣ ስፔሰሩ እንደ በርሜሉ ቅርጽ ሊጠቅምም ላይጠቅምም ይችላል። አንዳንዴ ከሰፊው ክፍል ወደ ጠባቡ አዛውሮት ያባብሰዋል። ፍጥነት ወዳድ የነገረህ የእሱ መኪና ላይ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የእሱ ቸርኬ ግን የአንተ ቸርኬ አይደለም።

ካሊፐር መፋቁን ጭራሽ ከልብህ አውጣው። ያ ካሊፐር ሁለት ግማሽ ነው፣ በብሎን የተጋጠመ፤ የፍሬን ዘይት ከአንዱ ግማሽ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቀዳዳ ብረቱ ውስጥ ያልፋል። ትከሻውን ስትፍቅ ከሥር ስንት ሚሊ እንደቀረ አታውቅም። ያ ብረት የሚፈተነው ደግሞ አንተ በሙሉ ኃይልህ ፍሬን የረገጥክ ጊዜ ነው።

ስለ መጎተቱ። የድሮውን ቸርኬና የአዲሱን ጀርባ ለካልኝ፤ ቸርኬውን በፊቱ አስተኝተህ፣ ከላይ ቀጥ ያለ እንጨት አጋድመህ፣ ከእንጨቱ እስከ ሞዞው መቀመጫ ያለውን። ቁጥሩን ስትጽፍልኝ እቀጥላለሁ። እስከዚያው ሦስት ነገር ሞክር።

አንዱ፣ ባዶ መንገድ ላይ በዝግታ እየነዳህ ፍሬን ያዝ፣ ከዚያ ልቀቀው። ስትይዝ ወደ ግራ እንደምትጎትት ነግረኸናል፤ ስትለቅ ወደ የት እንደምትሄድ አስተውል። መልሱ እዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ መኪናዋን አቁመህ የእጅ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጥርስ ሳበውና ፔዳሉን ርገጥ። ፔዳሉ ከፍ ብሎ ከያዘ አየር ፍለጋ አትድከም፤ የኋላው ታምቡር ሸራ ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው። አየር ያለበት ፔዳል እንደ ስፖንጅ ይለመጣል። ሸራው የራቀበት ደግሞ ጠልቆ ይይዛል፣ ከያዘ በኋላ ግን ጠንካራ ነው።

ሦስተኛ፣ የአዲሶቹን ካሊፐሮች የአየር ማስወጫ ብሎን እይ። ከላይ መሆን አለበት። ቀኝና ግራው ተቀያይሮ ከተገጠመ ማስወጫው ከታች ይሆናል፤ አየሩ ላይ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ቀኑን ሙሉ ብታስወጣው አያልቅም።

ባለ ዜድ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ። ያላችሁትን ሁሉ አድርጌ መጣሁ።

ቸርኬው ውስጥ ጭረቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ከተለጣፊው እርሳስ አንዱ ፍሬ ጫፉ ተልጦ ያብረቀርቃል። እርሳሱን አንሥቼ በፕላስቲሲን ስለካ ጠባቡ ቦታ 4 ሚሊ ሆነ። ኩሽኔታው ደህና ነው። ዳዶው አሥር ዙር ሙሉ ይሄዳል፣ ሾጣጣውም 60 ነው። የመሃሉ ቀዳዳ 73.1።

ጀርባው፦ የድሮው 83 ሚሊ፣ አዲሱ 101።

የእጅ ፍሬኑን ስስበው ፔዳሉ ወዲያው ከፍ ብሎ ያዘ። ማስወጫዎቹ ሁለቱም ከላይ ናቸው።

ያስገረመኝ የመጀመሪያው ነው። ስይዝ ወደ ግራ ትጎትታለች፣ ስለቅ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ፊቷን በክሪክ አንሥቼ ፔዳሉን ረግጬ ስለቅ የግራው ጎማ ወዲያው ይዞራል፤ የቀኙ ግን ተይዞ ቆይቶ ነው የሚለቀው። የቀኙን ማስወጫ ስከፍተው ዘይት ፊጭ ብሎ ወጣና ጎማው ወዲያው ተለቀቀ። አሁን ካሊፐሩ ነው ወይስ ሌላ? ካሊፐሩ እኮ አዲስ ነው።

የድሮ ብረት፦

ጎበዝ! እንዲህ ተለክቶ የመጣ ጥያቄ መልሱ ግማሽ ደርሷል።

ካሊፐሩ አይደለም። ፒስተን የነከሰ ቢሆን ማስወጫውን ብትከፍተውም ጎማው አይለቀቅም ነበር። የተለቀቀው ግፊት ታግቶ ስለነበረ ነው። ማስተር ሲሊንደሩም አይደለም፤ ዘይቱ እንዳይመለስ የከለከለው እሱ ቢሆን የፊቱ ሁለቱም ጎማ ይያዝ ነበር። በማስተሩና በቀኙ ካሊፐር መካከል የቀኝ ብቻ የሆነው ነገር የጎማ ቱቦው ነው። ካሊፐሩን ስትለውጥ ቱቦውን የድሮውን መልሰህ ገጥመኸዋል መሰለኝ።

የጎማ ቱቦ ከውጭ ሳይሰነጠቅ ከውስጥ ያብጣል፣ ይላጣል። ስትረግጥ እግርህ በኃይል ስለሚገፋው ዘይቱ እየተጨነቀ ያልፋል፤ ግን ይዘገያል፣ ስለዚህ ግራው ቀድሞ ይይዝና መኪናዋ ወደ ግራ ትሄዳለች። ስትለቅ የሚመልሰው ኃይል ደካማ ስለሆነ ዘይቱ በጠበበው ቀዳዳ ቶሎ መመለስ አይችልም፤ ቀኙ ተይዞ ይቀራል፣ መኪናዋም ወደ ቀኝ። ያየኸው ልክ ይኼንኑ ነው።

“ታዲያ በድሮው ቸርኬ ለምን ትንሽ ብቻ ሆነ?” ትለኛለህ። ቁጥሮችህን እንያቸው። የድሮው ቸርኬ ወርዱ 4.5 ነው፤ የሁለቱ ጠርዝ ውፍረት ወደ አንድ ኢንች ስለሚጨምር ጠቅላላው 140 ሚሊ አካባቢ ይሆናል፣ ግማሹ 70። ጀርባው 83 ከሆነ ኦፍሴቱ ወደ 13 ነው። አዲሱ ጠቅላላው 203፣ ግማሹ 101፣ ጀርባውም 101፣ ዜሮ። ስለዚህ የጎማው መሃል 13 ሚሊ ወደ ውጭ ወጥቷል። የውስጡ ጠርዝ ወደ አሞርዛተሩ 18 ሚሊ ቀርቧል፣ የውጭው ጠርዝ ደግሞ ወደ ፓራፋንጎው 45 ሚሊ ወጥቷል።

የፊት ጎማ ግራና ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር አለ፤ ከአሞርዛተሩ አናት ተነሥቶ በታችኛው መጋጠሚያ አልፎ መሬት ይነካል። ከዚያ ነጥብ እስከ ጎማው መሃል ያለው ርቀት ለፍሬኑ ክንድ ነው። ክንዱ ሲረዝም ቁልፍ ላይ ቱቦ ጨምረህ የዛገ ዳዶ እንደምትፈታው ነው፤ ያው ኃይል የበለጠ ያዞራል። የቀኝና የግራ ፍሬን እኩል ሲሆን ሁለቱ ክንዶች እርስ በርስ ይጣፋሉ፣ አንተም አይሰማህም። እኩል ካልሆኑ ግን ልዩነቱ በቀጥታ መሪው ላይ ይመጣል። ቱቦህ ከድሮም የታመመ ነው። ጠባቡ ቸርኬ ሸሽጎት ነበር፤ 13 ሚሊዋ አወጣችው። በዚያ ላይ ካሊፐሩም በርትቷል፣ ጎማውም ሰፍቶ መሬቱን የበለጠ ይይዛል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ነው እጅህን የሚነጥቁህ።

ቸርኬውን አትመልስ። 15 በ7፣ ኦፍሴት ዜሮ 240ዜድ ላይ በደንብ የሚቀመጥ ልክ ነው። ክንዱን ይበልጥ የሚያረዝመው አንተ ያሰብከው ስፔሰር ነበር፤ 5 ሚሊ ተጨማሪ። እርሳሱን ካሊፐሩ ከማይደርስበት ቦታ እንዲለጥፉልህ አድርግ፣ አለቀ። ኋላውን ግን ሰው ጭነህ አይተኸዋል? 45 ሚሊ ውጭ የወጣ ጎማ ባዶ መኪና ላይ ሳይነካ ሰው ሲጫን የፓራፋንጎውን ከንፈር ሊነካ ይችላል።

ጎማህ ከድሮው ያንሳል። የዚያን ዘመን 175 በ14 ጎማ ቁመቱ 635 ሚሊ አካባቢ ነበር፤ 195/60 በ15 ደግሞ 615 ነው። የፍጥነት መለኪያህ ከእውነቱ ወደ 3 በመቶ አስበልጦ ያሳይሃል። ለፍሬን ጉዳት የለውም። ሌላ ጊዜ ጎማ ስትገዛ 195/65 ብትወስድ ወደ ድሮው ልክ ትመለሳለህ።

የኋላውን ታምቡር አሁኑኑ አስተካክለው። ኦሪጂናሉ ታምቡር 9 ኢንች ነው፤ ሸራው ሲርቅ የመጀመሪያው የፔዳል ጉዞ ሁሉ ሸራውን ወደ ታምቡሩ በማድረስ ያልቃል። ትልቅ ማስተር ማስገባትህ ፔዳሉን ማሳጠር ነበረበት። ከ7/8 ወደ 15/16 ስትሄድ በእያንዳንዱ ሚሊ ጉዞ የሚገፋው ዘይት ወደ 15 በመቶ ይጨምራል፤ በለውጡ እግርህ ለዚያው ግፊት ያንኑ ያህል መበርታት አለበት። ያ ሁሉ ጥቅም ኋላ ታምቡር ውስጥ ነው እየጠፋብህ ያለው። ብዙ ሰው የፊቱን ፍሬን አሳምሮ የኋላውን ይረሳል፤ ይኼ ያናድደኛል። መኪናዋ የምትቆመው በአራት ጎማ ነው።

ፍጥነት ወዳድ፦

ጋሼ፣ እኔም ልጠይቅዎ። ማስተር ሲሊንደር ከለወጥኩ ወዲህ የእኔ ዜድ ተቃራኒው ሆነብኝ። ትንሽ ስነካው ሙጭጭ ይላል፣ መሃል የለውም። ወይ ነፃ ነው ወይ ይቆልፋል። ሸራው ይሆን?

የድሮ ብረት፦

ሸራ ከመቀየርህ በፊት ሰርቮውን፣ የእግርህን ኃይል የሚያግዘውን፣ እይ። የ240ዜድ ሰርቮ ውስጥ፣ ማስተሩን የሚገፋው ዘንግ ሥር፣ ትንሽ ክብ ጎሚኒ አለች። የእግርህን ኃይል እየመጠነች ለፔዳሉ ስሜት የምትመልሰው እሷ ናት። ማስተሩ ሲወጣ ዘንጉን የሳበ ሰው ጎሚኒዋን ከመቀመጫዋ ሊያስወልቃት ይችላል፤ ወደ ሰርቮው ውስጥ ወድቃ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ልክ እንዳልከው ነው፣ ወይ ምንም ወይ ሙሉ። ማስተሩን አውልቅ፣ ዘንጉን አውጣ፣ በመብራት ተመልከት። ጎሚኒዋ ቦታዋ ላይ ከሌለች ፈልገህ አውጥተህ መልሳት። እስክታስተካክለው ድረስ እርጥብ መንገድ ላይ አትንዳት።

እዚያው ሳለህ የዘንጉን ርዝመት አረጋግጥ። ፔዳሉ ተለቆ ሳለ ዘንጉ የማስተሩን ፒስተን መግፋት የለበትም፤ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት ይኑር። ዘንጉ ከረዘመ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ቀዳዳ ተዘግቶ ይቆያል። ጠዋት ደህና ትነሣለህ፣ ፍሬኑ ሲሞቅ ዘይቱ ይሰፋል፣ መመለሻ የለውም፣ ጎማዎቹ በራሳቸው መያዝ ይጀምራሉ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ መኪናዋ ስትያዝ ማስተሩን ከሰርቮው ጋር የሚያስሩትን ዳዶዎች ትንሽ አላላቸው። ወዲያው ከተለቀቀች ዘንጉ ረዝሟል።

ባለ ዜድ፦

የእኔ እንዲህ አይነት ነገር የለውም፤ ዘንጉን ሳልነካ ነው ማስተሩን የለወጥኩት። ጋሼ፣ የቀኙን ቱቦ አዝዣለሁ። የግራውስ ይቆይ? ዘይቱስ ምን ልጨምር? የድሮ መኪና ስለሆነች ሲሊኮኑ ይሻላታል የሚል ሰው አለ።

ዳዶና ብሎን፦

ዘይቱን እኔ ልመልስልህ። ስርዓቱ ውስጥ ያለው የተለመደው ዘይት ከሆነ ዶት 4 አድርግ። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ከእነ ዶት 3 እና ዶት 4 ጋር አይቀላቀልም፤ እላዩ ላይ አትጨምረው። ዶት 4 አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። መኪናዋ ብዙ ባትነዳም ዘይቱ እርጥበት ከመጠጣት አያርፍም። ቀለም ላይ እንዳይንጠባጠብብህ፤ ይልጠዋል።

የድሮ ብረት፦

ቱቦውን አራቱንም ለውጥ፤ የፊቱን ሁለት፣ የኋላውንም ሁለት። ዕድሜያቸው አንድ ነው፣ የቀኙ የደረሰበት ግራውም ላይ ይደርሳል። አንዱን ብቻ ብትለውጥ ደግሞ ቀኙ ፈጥኖ ግራው ይዘገይና መኪናዋ በሌላው በኩል ትጎትትሃለች።

ስትለውጥ የብረቱን ቧንቧ ዳዶ በተከፈተ ቁልፍ አትጠምዝዘው፣ ማዕዘኑ ይበላል፤ የቧንቧ ዳዶ የሚያቅፈውን ቁልፍ ተጠቀም። ካሊፐሩን በቱቦው አታንጠልጥለው፣ በሽቦ ከሞላው ጋር እሰረው። አዲሱ ቱቦ ሲታሰር እንዳይጠማዘዝ ተጠንቀቅ።

ከዚያ ጎማዎቹን አስገብተህ፣ መኪናዋን መሬት ላይ አውርደህ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙርና በእያንዳንዱ ጫፍ ከሥር በመብራት ተመልከት። የውስጡ ጠርዝ 18 ሚሊ ገብቷል ብዬሃለሁ፤ በድሮው ቸርኬ ርቆ ያልፍ የነበረ ቱቦ አሁን ጎማውን ሊታከክ ይችላል። ክሪክ ላይ ሳለች ብቻ አይተህ አትተወው፤ አሞርዛተሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ቱቦው ሌላ ቦታ ነው የሚያልፈው። አንድ ሰው የፊቱን ፓራፋንጎ ወደ ታች እየተጫነ አንተ ተመልከት። ቱቦውና ጎማው መካከል ጣትህ የማይገባ ከሆነ የቱቦውን መያዣ አዙረው ወይም አጭር ቱቦ አስለውጥ፤ እንዲህ እንዳለ ግን አትነዳት።

ታምቡሩን ካስተካከልክ፣ አየሩንም ካስወጣህ በኋላ ያንኑ ሙከራ ድገመው፤ በዝግታ ያዝ፣ ልቀቅ። ስትለቅ ወደ ቀኝ መሄዷ ከቆመ፣ ነገር ግን ስትይዝ አሁንም ትንሽ ወደ ግራ ካለች፣ የሁለቱን የፊት ሸራዎች አውጥተህ አስተያያቸው። የቀኙ ሸራ ተይዞ ሲነዳ ስለቆየ ግሎ ፊቱ እንደ መስታወት ሆኖ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ሁለቱንም ወገን አዲስ አስገባ። አንዱን ወገን ብቻ አይደለም።